የሙሴ ስታማቲ ወደብ

ድሬ ጀርባዋን ለደንገጎ ሰጥታ፣
ፊቷን ለሰሜኑ ለበረሃው ትታ፣
ባሕር እንደቀጠራት ትጠብቃለች፤
ባሕሩ ቀረ፤ እሷ ግን አለች።

ይህን የነገረኝ ሙሴ ስታማቲ ነው፣
የከዚራው አናጢ፣ አንድ ጣት የጎደለው።
መጋዝ የበላትን፣ ሲጠይቁት ልጆች፣
«ዓሣ ነው የነከሰኝ፤ ክፉ ናቸው ዓሦች።»

ክረምት ሳይገባ፣ አሸዋው ሳይርስ፣
የአሥር ሰዓት ፀሐይ የኒሙ ጫፍ ስትደርስ፣
እኔንና ሮብሌን፣ ሁለት የምድር ባቡር ልጅ፣
ይዞን ይወርዳል ወደ ደቻቱ ደጅ።
ወንዝ ይሉታል እንጂ ውኃ የለው በበጋ፤
ጠጠርና ኮቴ፣ የፍየሎች መንጋ።

ብትር ያነሣና አሸዋ ይጭራል፤
ጎንበስ እንዳለ ከተማ ይሠራል።
«ይሄ ወደቡ ነው፤ እንደ ማጭድ ጎባጣ፤
ይሄ የድንጋይ ግንብ፣ ማዕበል እንዳይመጣ፤
ከጀርባው ተራራ፣ ግራጫ፣ መላጣ፤
ቤት በቤት ላይ ነው፣ ደረጃ በደረጃ፣
ሰው ጣራህ ላይ ቆሞ ያሰጣል ስጋጃ፤
ከላይ የወይራ ዛፍ፣ ከታች ዓሣ ገበያ፤
እዚያ ማዶ ደሴት፣ እንደ ደከመች አህያ
ውኃ ውስጥ የተኛች።»
ሮብሌ ይሥቃል፦ «አህያ ትሰምጣለች!»
ሙሴ ቀና ሳይል፦ «ይቺ ለምዳለች።»

ከሰል የጫነች ግመል ከገንደ ቆሬ መጥታ፣
ግንቡንም ደሴቱንም በእግሯ አፍርሳ ወጥታ
ስታልፍ፣ ባርኔጣውን ያነሣላታል፤
«መርከብ ስትገባ መንገድ ይለቀቃል።»

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፦ መብራቱ።
ለመርከብ የሚበራው፣ ረጅሙ ግንብ፣ ማማው፣
ዛሬ በግራ ከሆነ፣ ነገ በቀኝ ነው ቦታው።
ዋናው መንገድም ቀጥ ያለ፣ በዛፍ የታጀበ፣
ቁርጥ ከዚራን።
ተራራውም ጫፉ ላይ ደንገጎን ይመስላል።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አይቻለሁ። አልተናገርኩም።

አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል፣
ደንገጎ የጠጣውን ደቻቱ አመጣው በኃይል፤
በር ከነመቀርቀሪያው፣ ጋሪ፣ ግማሽ ጣራ፣
ፍየል ከነገመዷ፣ እያገላበጠ አጓራ።
ሰው ሁሉ ስም ይጠራል፤ ባትሪ ይዞ፣ ፋኖስ ይዞ።
ሙሴ በሌሊት ልብሱ ዳር ላይ ቆሟል፤
ጫማ የለውም።
እኔን ሲያይ ጎንበስ አለና፦
«ድምፁ እንዲህ ነው?» አለኝ።
«የምኑ?»
መልስ አልሰጠኝም።

ካደግሁ በኋላ ፍሬን ያዥ ሆኜ፣ በባቡር፣
ጅቡቲ ወረድኩና አየሁት ያንን ባሕር፤
ዝርግ ነው፣ ጨው ነው፣ የጋለ ብረት ይሸታል፤
አህያዋን ፈለግሁ፤ የለችም። ሰው ይሥቃል።

ስመለስ ሙሴን ቀብረውት ደረስኩ።
የግሪኮቹ መቃብር፤ አቧራ የለበሰ ዛፍ፤
እብነ በረዱ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፏል፦
«ስታማቲ፣ አናጢ።
ድሬዳዋ ተወለደ። ድሬዳዋ ሞተ።»
ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛም።
«ሽማግሌው?» አለ ዘበኛው፣ «ከኤረር ወዲያ መቼ አልፎ ያውቃል!»
ወደቡ የእናቱ ነበር፤
ወባ ሲያንቀጠቅጠው፣ ማታ ማታ፣
ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያስቀመጠች
በወሬ ያወረሰችው።
ማማው በየት በኩል እንደሆነ
ሳትነግረው ሞተች።

ዛሬ ድልድዩ ሥር ወርጄ ብትር አነሣሁ፤
ወደቡን አጎበጥኩ፣ ደረጃውን ሠራሁ፣
አህያዋን አስተኛሁ።
ማማው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።
ከገንደ ቆሬ በኩል ግመል እየመጣች ነው።
ባርኔጣ የለኝም።
እጄን አነሣሁላት።